አምስተኛው ተራ

መጠበቅ አልችልም። ሰልፍ ላይ ከቆምኩ እግሬን ይበላኛል፤ የሚያወራኝ ሰው ቀስ ካለ ዓረፍተ ነገሩን እኔ እጨርስለታለሁ። እናቴ «ይቺን ልጅ ጉንዳን ወሯታል» ትል ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ካለው ትምህርት ሁሉ ኮምፒውተር መምረጡ ዛሬም ይገርመኛል። በደርግ ጊዜ ኮምፒውተር መማር ከምንም በላይ መጠበቅን መማር ነበርና።

ዛሬ ልጆቼ ቁልፍ ተጭነው መልሱ ቶሎ ካልመጣ ይነጫነጫሉ። እኛ ፕሮግራሙን መጀመሪያ በእርሳስ ወረቀት ላይ እንጽፋለን። ከዚያ እያንዳንዱ መስመር አንድ ካርድ ላይ በቀዳዳ ይበሳል፤ መቶ መስመር ከሆነ መቶ ካርድ ነው። ካርዶቹን በላስቲክ አስረን በመስኮት እናስረክብና ውጤቱን በሳምንቱ እንቀበላለን። አንዲት ነጠላ ሰረዝ ከጎደለች ማሽኑ ስህተት አለ የሚል አንድ መስመር ያትምና ያርፋል። እኛ ሌላ ሳምንት እንጠብቃለን።

ማሽኑም የዩኒቨርሲቲው አልነበረም። ቦሌ መንገድ ላይ ያለ አንድ መሥሪያ ቤት ቅዳሜ ጠዋት ጠዋት ያውሰን ስለነበር ትምህርቱንም እዚያው አዳራሹ ውስጥ ነበር የምንማረው። ማሽኑ ያለበት ክፍል በመስታወት የታጠረ ነው። ውስጡ ይቀዘቅዛል፤ ሠራተኞቹ በዚያ ሁሉ ፀሐይ ሹራብ ደርበው ሲገቡና ሲወጡ እናያቸዋለን። እኔ አፍንጫዬን መስታወቱ ላይ ለጥፌ አንድ ቀን ይህን በር ከውስጥ እከፍተዋለሁ እያልኩ እዝት ነበር። መሥሪያ ቤቱ ከክፍላችን አብላጫ ውጤት ያመጡትን ሁለት ተማሪዎች እንደሚቀጥር ከተነገረን በኋላማ ጭራሽ አላስቀምጥ አለኝ።

መምህራችን ከውጭ አገር ተምሮ የተመለሰ ቀጭን ሰው ነበር። ዶክተር ነበር የምንለው። ሰሌዳ ላይ ጽፎ ማስገልበጥ አይወድም። በመጀመሪያው ቅዳሜ ገብቶ፣ ፕሮግራም የሚሠራው በቡድን ነውና የምትማሩትም በቡድን ነው አለን። ስልክ ያለው ተማሪ እምብዛም ስላልነበር በሠፈር ከፋፈለን። «ከቦሌና ከዚያ ወዲያ የሚኖር ማነው?» ሲል አምስት እጅ ተነሣ። ቡድናችን በዚህ ተመሠረተ፤ እስከ መጨረሻው የቦሌ ቡድን ተብለን ቀረን።

ከአምስቱ አንዷ እኔ ነኝ። ሁለተኛው የቀበሌው የወጣቶች ማኅበር ጸሐፊ ስለነበር ሳንመርጠው ሊቀመንበር ሆነ። ሦስተኛው ቦሌ መድኃኔዓለም አጠገብ ሰፊ ቤት ያላቸው ሰዎች ልጅ ነው፤ ወፍራም፣ ቀልደኛ፣ የምንሰበሰበውም እነሱ ቤት ስለነበር የቤቱ ልጅ እንለዋለን። አራተኛዋ ከወለጋ መጥታ አጎቷ ዘንድ የምትኖር ጴንጤ ልጅ ናት። በዚያን ጊዜ ጴንጤ መሆን ራሱ አንገት የሚያስደፋ ነገር ቢሆንም እሷ ግን ውሸት ሲወራ ፊቷን ታጠቁረው ነበር። አምስተኛው ከገርጂ የሚመጣ ዝምተኛ ልጅ ነው። ገርጂ ያኔ የበቆሎ ማሳና ጭቃ ስለነበር ዝናብ በጣለ ቁጥር ጫማው ሁልጊዜ ታጥቦ እርጥብ እንደሆነ ነው የሚደርሰው።

ስለዚህ ልጅ ከመጀመሪያው ሁላችንም የምናውቀው አንድ ነገር ነበር። ባለፈው ተርም ታይፎይድ ታሞ፣ ትኩሳቱ ሳይለቀው ስለተፈተነ ውጤቱ ወድቆ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶታል። ይህን ኮርስ ካላለፈ ከዩኒቨርሲቲው ይሰናበታል። መሰናበት በሌላ ዘመን ቤት መቀመጥ ነው። ያኔ ግን ብሔራዊ ውትድርና ነበር፤ ከትምህርት የወጣ ወጣት ስሙ ቀበሌ ደርሶ እስኪጠራ የሚፈጀው ጥቂት ቀን ነው። ታላቅ ወንድሙ ሄዶ ደብዳቤው ከተቋረጠ ሁለት ዓመት አልፎታል። እናቱ የቀራት እሱ ነው። ይህን ሁሉ የነገረን በሁለት ዓረፍተ ነገር ነው፤ ያውም ሊቀመንበሩ ጠይቆት።

ቡድን ስንባል እኛ የምናውቀው አንድ ዓይነት ቡድን ብቻ ነው፦ ስብሰባ። በሠፈር ስብሰባ፣ በትምህርት ቤት ስብሰባ፣ እሑድ ጠዋት ስብሰባ ያደግን ልጆች ነን። የቤቱ ልጅ እናት ሻይ አቅርበው ሲወጡ ሊቀመንበሩ ጉሮሮውን ይጠርግና የዕለቱን አጀንዳ ያነባል። እጅ ሳያወጡ መናገር የለም። ውሳኔ ሁልጊዜ በሙሉ ድምፅ ነው። ቃለ ጉባኤ የምይዘው እኔ ነበርኩ፤ ፈጥኜ ስለምጽፍ፣ ደግሞም ብዕር ካልያዝኩ እጄ ስለማያርፍ። ስለ አንድ ነጠላ ሰረዝ ገጽ ተኩል ቃለ ጉባኤ ጽፌ አውቃለሁ።

ዶክተሩ የሚፈትነን መጀመሪያ ለየብቻ ነው። ወረቀቱን ከሰበሰበ በኋላ ያንኑ ጥያቄ ለቡድኑ ይሰጠናል፤ ተከራክረን አንድ መልስ እናቀርባለን። ሐሳቡ ግልጽ ነው፤ አንዱ የሳተውን ሌላው ያርመዋል። እኛ ዘንድ ግን መጀመሪያ የተናገረ ሰው ረታ። መጀመሪያ የምናገረው ደግሞ እኔ ነበርኩ። አንድ ቅዳሜ ዝምተኛው ልጅ ጣቱን ጥያቄው ላይ አድርጎ፣ መልሱ ሦስተኛው ይመስለኛል አለ። እኔ ሁለተኛው ነው ብዬ ምክንያቴን እንደ መትረየስ አርከፈከፍኩት። ሊቀመንበሩ ተቃውሞ አለ ወይ ብሎ ጠየቀ። የለም። ሁለተኛውን ጻፍን። መልሱ ሦስተኛው ነበር።

ዶክተሩ የየብቻችንን ወረቀት አገላብጦ አየና ከመካከላችን አንድ ሰው መልሱን እንደሚያውቅ፣ እሱን ማን እንዳፈነው ግን እንደማይገባው ተናገረ። ሁላችንም ጠረጴዛውን አየን። እኔ አፍሬያለሁ፤ ግን እውነቱን ልናገርና ከማፈሬ ይልቅ የተናደድኩት በልጁ ነበር። ካወቅህ ለምን አትጮህም?

እንግዲህ ጉዱ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ዶክተሩ በየሦስት ሳምንቱ እያንዳንዳችን ስለ ጓደኞቻችን የምንሞላው ትንሽ ወረቀት አመጣ። ሁለት መስመር ብቻ ነው ያለው። አንደኛው መስመር ላይ ቡድኑን የተሸከመውን ሰው ስም እንጽፋለን፤ ሁለተኛው ላይ ቡድኑ የተሸከመውን፣ ማለትም ከሁሉ ያነሰ የሠራውን። ሦስት ሰው ሁለተኛው መስመር ላይ ስሙን የጻፈበት ተማሪ ማርክ ይቀነስበታል። የራስን ስም መጻፍም ባዶ መተውም አይቻልም። ወረቀቱ ፊርማ የለውም፤ ከእሱ በቀር የሚያየው የለም፤ አትፍሩ አለን።

ምስኪን! ብዙ ዓመት ውጭ ኖሮ መጥቶ ለእኛ አትፍሩ ይላል። ሂስና ግለ ሂስ ስንሰማ ያደግን ሰዎች ነን። የሰው ስም «ሥራ አይሠራም» በሚል ርዕስ ሥር ወረቀት ላይ ከሰፈረ በኋላ ወረቀቱ የት ሄዶ የት እንደሚወጣ ማን ያውቃል? በዚያ ላይ ማን ማንን ይጽፋል? የቤቱን ልጅ ሻዩን እየጠጡ ነው የሚጽፉት? ሊቀመንበሩን ደግሞ ማን ደፍሮ?

ስብሰባ ተጠራ። አጀንዳው አንድ ነበር። መፍትሔውን ያመጣው የቤቱ ልጅ ነው፤ እንደ ዕቁብ በተራ እናድርገው አለ። አምስት ጊዜ ነው የምንሞላው፣ እኛም አምስት ነን። ዕጣ እንጣል፤ በየዙሩ ተራው የደረሰውን ሰው ሁላችንም እንጻፈው። ባለ ተራው ራሱ የፈለገውን ይጻፍ፤ አንድ ድምፅ ማንንም አይጎዳም። በመጨረሻ የሁላችንም ስም አንድ አንድ ጊዜ ስለሚጻፍ ማንም ከማንም አይለይም። የወለጋዋ ልጅ ይህ ውሸት ነው ብላ ተቃወመች። ሊቀመንበሩ ውሸት ሳይሆን እኩልነት ነው አላት። ትንሽ አሰበችና እጇን አወጣች። በሙሉ ድምፅ ጸደቀ፤ እኔም ጻፍኩት።

ከደብተሬ አምስት ቁራጭ ቀድጄ ቁጥር ጻፍኩባቸው። ለእኔ አንድ ወጣ። ለሊቀመንበሩ ሁለት፣ ለቤቱ ልጅ ሦስት፣ ለወለጋዋ ልጅ አራት። ዝምተኛው ልጅ የቀረችውን አንሥቶ አያትና ኪሱ ከተታት። አምስት።

የእኔ ተራ እንደ ቀልድ አለፈ። የተቀነሰብኝ ማርክ ሽራፊ ነበር፤ ከፈተናዬ ጋር ሲደመር አልታወቀም። ቅጣቱ በየዙሩ ትንሽ ትንሽ ቢጨምርም የሊቀመንበሩም፣ የሌሎቹም እንደዚያው። በመካከሉ እኛ ፕሮግራማችንን እንሠራለን። የቀበሌ ሱቅ ስኳር ለየትኛው ቤተሰብ ስንት ኪሎ እንደሚደርሰው የሚያወጣ ፕሮግራም ነበር። ሁለት ወር የፈጀው በብዛት በእኔ ችኮላ ነው፤ ሳላጣራ ስለማስበሳ እርማቱ አያልቅም።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ካርዶቹን አቅፌ ቦሌ መንገድን ሳቋርጥ ላስቲኩ ተበጠሰ። የየካቲት ነፋስ ነበር። ከሁለት መቶ በላይ ካርድ አስፋልቱ ላይ፣ ቦዩ ውስጥ፣ አጥር ሥር ተበተነ። አንድ ካርድ ከቦታው ከተዛነፈ ፕሮግራሙ ዋጋ የለውም፤ የማስረከቢያው መስኮት የሚዘጋው ደግሞ ከአንድ ሰዓት በኋላ ነበር። እኔ መንገድ ዳር ቁጭ ብዬ ማልቀስ ጀመርኩ። ከኋላዬ ይመጣ የነበረው ዝምተኛው ልጅ ምንም ሳይል ካርዶቹን ሰበሰበ፤ ከዚያ እያንዳንዱን ወደ ፀሐይ ከፍ እያደረገ ቀዳዳዎቹን ያነብ ጀመር። ያነብ ነበር ስል ቀልዴን አይደለም፤ እኛ ደብዳቤ እንደምናነበው። በአርባ ደቂቃ ውስጥ ሁሉንም በተራቸው ደርድሮ በጫማው ማሰሪያ አሰራቸው። በዚያን ሳምንት ፕሮግራማችን ለመጀመሪያ ጊዜ እስከ መጨረሻው ሄደ፤ የስኳሩ ዝርዝር ታትሞ ወጣ። እሱ ለማንም አልተናገረም፤ እኔም አልተናገርኩም።

አራተኛው ዙር ካለፈ በኋላ ዶክተሩ ወደ አዳራሹ ሲገባ አንድ ማስታወቂያ ለጠፈ። የመጨረሻው ዙር የመላውን ሥራ ግምገማ ስለሆነ ክብደቱ የበፊቶቹ አራቱ ተደምረው የሚያክል ነው ይላል። በዚህ ዙር ሁለተኛው መስመር ላይ ስሙ በሦስት ሰው የተጻፈበት ተማሪ ውጤቱ አንድ ደረጃ ሙሉ ይወርዳል። ማስታወቂያውን ሁለቴ አነበብኩት። ዞር ስል አራቱም ከኋላዬ ቆመዋል፤ ማንም ማንንም ማየት አልፈለገም። የዝምተኛው ልጅ ውጤት ልክ ማለፊያው ላይ ነበር፤ አንድ ደረጃ ከወረደ አበቃለት።

የመጨረሻው ስብሰባችን በሳምንቱ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ነበር። በመስኮቱ የመድኃኔዓለም ሜዳ ይታያል፤ ልጆች ኳስ ይጫወታሉ። ሊቀመንበሩ አጀንዳ አላነበበም። የቤቱ ልጅ አልቀለደም። እኔ ብዕሬን ጠረጴዛው ላይ አሽከረክራለሁ። ማድረግ የሚገባንን ሁላችንም እናውቀዋለን። ዕቁብ የጣለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ችግር የደረሰበት ካለ ሌላው ተራውን ይለውጥለታል። ደግሞም ከሁላችን ቀላሉን የከፈልኩት እኔ ነኝ፤ ፈተና ላይም ከሁሉም የተሻለ ያለኝ እኔው ነኝ። አንድ ደረጃ ብወርድ አልወድቅም። የማጣው የመስታወቱን በር ብቻ ነው።

ብቻ እላለሁ ዛሬ። ያን ቀን ግን በሩ ሁሉ ነገሬ ነበር።

አፌን ከፈትኩ። በእውነት ከፍቼ ነበር። ልጁ ቀደመኝ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ሳይጠየቅ ሲናገር የሰማሁት ያኔ ነው።

«ተራዬ ነው» አለ። «ዕጣውን ያነሣሁት በራሴ እጅ ነው። አትጨነቁ።»

ሊቀመንበሩ ወደ እኔ ዞሮ ምን ብለን ነበር የወሰንነው አለኝ። ምን ብለን እንደወሰንን ጠፍቶት አይደለም፤ አንድ ሰው ከዚህ ነገር እንዲያወጣው ፈልጎ ነው። እኔ ቃለ ጉባኤውን ገልጬ ያነበብኩት ድምፄ ሳይንቀጠቀጥ ነበር፦ በየዙሩ ባለ ተራው ይጻፋል። ደብተሩን ዘጋሁት። የወለጋዋ ልጅ ለረጅም ጊዜ አየችኝ። ከዚያ ተበተንን።

ቅዳሜ ወረቀቶቹ ታደሉ። ሁለተኛው መስመር ላይ የዝምተኛውን ልጅ ስም ጻፍኩ። እጄ አልዘገየም። ያ ልጅ ካርዴን ከቦይ የለቀመልኝ ልጅ ነው፤ ፕሮግራማችን የቆመው በእሱ ነው፤ እኔ ደግሞ ከሁሉ ያነሰ የሠራው እሱ ነው ብዬ ጻፍኩ። ውሳኔ ውሳኔ ነው፣ ሌሎቹም ይጽፉታል፣ የእኔ አንድ ድምፅ ምን ይለውጣል እያልኩ ራሴን አባበልኩ። ወረቀቱን አጥፌ ፖስታው ውስጥ ጣልኩና ሹራቤን ረስቼ ወጣሁ።

ውጤት የተለጠፈ ቀን ሰሌዳው ዘንድ መጀመሪያ የደረስኩት እኔ ነኝ። በቅድሚያ የፈለግሁት የእሱን ነው፤ ይህችን ያህል ሰው ነበርኩ። አልፏል። ማለፍ ብቻ አይደለም፣ ምንም አልተቀነሰበትም። ደስ አለኝ፤ ከዚያ የራሴን አየሁ። አንድ ደረጃ ወርጃለሁ። መሥሪያ ቤቱ የሚቀጥራቸው ሁለት ሰዎች ስም ከሥር ተጽፏል፤ እኔ የለሁበትም።

ደሜ ፈላ። ሦስት ሰው የእኔን ስም ጽፏል ማለት ነው! ከሁሉ በላይ የጮኽኩ፣ የጻፍኩ፣ የሮጥኩ እኔ! ቃለ ጉባኤውን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ አራት ኪሎ ወዳለው የዶክተሩ ቢሮ ገሰገስኩ። ዶክተሩ ውጤት ላይ ይግባኝ ይቀበል ነበር፤ ምክንያቱ በማስረጃ መቅረብ አለበት። ማስረጃ ሞልቶኛል ብዬ ነበር የሄድኩት። የዕጣውን ውሳኔ የያዘው ደብተር አብሮኝ ነው። እሱን ካወጣሁ ተራው የማን እንደነበር፣ ማን ቃሉን እንዳፈረሰ ይታወቃል።

ቢሮው ስገባ ዶክተሩ ቁጭ በይ አለኝ። አልተቀመጥኩም። ከቡድኑ በላይ የሠራሁት እኔ ሆኜ ለምን ተቀነሰብኝ አልኩት፣ ዓይኔን በጨው ታጥቤ። እሱ አልተቆጣም። መሳቢያውን ስቦ የቡድናችንን ፖስታ አወጣና አምስቱን ወረቀቶች ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ።

ሦስቱ ላይ ሁለተኛው መስመር የእኔ ስም ነው። አራተኛውን በጣቱ ወደ ጎን ገፋ አደረገው። የዝምተኛው ልጅ ስም አለበት፤ በእኔ እጅ፣ በእኔ ችኩል ጽሑፍ።

«ይቺ ብቻዋን ናት» አለ። «አንድ ሰው ብቻ ነው እሱን የጻፈው።»

አምስተኛውን ሲያነሣ ሳቅ ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ይህን ወረቀት አልቆጠርኩትም አለኝ፤ ጽሑፉ የዝምተኛው ልጅ ነው፣ ሁለተኛው መስመር ላይ የራሱን ስም ስላሰፈረ ደንቡን አፍርሷል። ግን አንደኛው መስመር ላይ ያለውን ተመልከቺ አለኝ። ቡድኑን የተሸከመው ማነው በሚለው ቦታ፣ በደቃቃና በተስተካከለ ጽሑፍ፣ የእኔ ስም ሰፍሯል።

ለምን ያንን እንደጻፈ አልገባኝም፤ ዛሬም በደንብ አልገባኝም። ምናልባት በእርግጥ እንደዚያ ያስብ ነበር። ዶክተሩ ሦስቱን እንዲሰርዝልኝ ከፈለግሁ ምክንያት እንዳቀርብ ነገረኝ። እጄ ቦርሳዬ ውስጥ፣ ደብተሩ ላይ ነበር። ደብተሩን ባወጣ የሁላችንም ወረቀት ውሸት መሆኑ ይታወቃል፣ የቡድኑ ውጤት በሙሉ ይሰረዛል። ያኔ ማን እንደሚወድቅ ለማወቅ ማሽን አያስፈልግም።

ምክንያት የለኝም ብዬው ወጣሁ። ይህችን አንድ ነገር ስላላደረግሁ ለራሴ ምስጋና አልሰጥም፤ የለወጠኝ ያ የእሱ ወረቀት እንጂ የእኔ ደግነት አይደለም።

ከሕንፃው በር ላይ የወለጋዋ ልጅ ትጠብቀኝ ነበር። ይግባኝ እንደምል ገምታ ነው የመጣችው። ሦስታችን ረቡዕ ዕለት ከአንቺ ከተለየን በኋላ መንገድ ላይ ተነጋገርን አለችኝ። እሱን መጻፍ አልቻልንም፤ ሌላ ሰው ደግሞ መጻፍ ነበረበት።

«እና እኔን?» አልኳት።

«ያንቺ ተራ ቀላሉ ነበር። ብትወርጂም ታልፊያለሽ።»

«ለምን አልነገራችሁኝም?»

መዋሸት አትችልም፤ ሲቸግራት አይቻለሁ።

«ብንነግርሽ ደብተሩን ትከፍቻለሽ ብለን ፈራን» አለችኝ።

ይቅርታ ጠየቀችኝ። እኔም ምንም አይደለም አልኳት። እኔ ማንን እንደጻፍኩ አልጠየቀችኝም፤ ያለችኝ ሁሉ ሲገባኝ ግን መጠየቅ ያላስፈለጋት ስለምታውቀው እንደሆነ ተረዳሁ።

ብቻዬን ለመሆን ቸኩዬ ከፊቴ የቆመው ውይይት ታክሲ ላይ ዘለልኩ። ውይይት ላይ የሚቀመጡት በሁለት አግዳሚ፣ ፊት ለፊት፣ ጉልበት ከጉልበት ተነካክቶ ነው። ቀና ስል ከፊቴ ያለው ዝምተኛው ልጅ ነው። ጉዳዩን ጨርሶ ወደ ቤቱ እየተመለሰ ነው። መውረድ አማረኝ፤ መኪናው ተነሥቷል።

እስከ አብዮት አደባባይ አልተነጋገርንም። እኔ በኋላው መስኮት መንገዱን አያለሁ፣ ቦርሳዬ ውስጥ ያለው ደብተር ጭኔ ላይ እንደ ድንጋይ ከብዶኛል። ከአደባባዩ በኋላ ሰው ሲወርድ ወደ እኔ ጎንበስ አለ።

«አውቃለሁ» አለኝ።

ምኑን ነው የምታውቀው አልኩት።

«ያንቺ ሥራ መሆኑን። ተራዬን ወስደሽልኛል። ሌሎቹ ቢፈልጉም ያለ አንቺ አይደፍሩም፤ ውሳኔው ያለው አንቺ ደብተር ላይ ነው።» ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር፤ ሳይጠርገው ቀጠለ። «ሥራው እንደቀረብሽም አይቻለሁ።»

አይደለም ለማለት ጊዜ ነበረኝ። ከአደባባዩ እስከ ቦሌ መጨረሻ ያለው መንገድ በሙሉ ጊዜዬ ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ሲናገር አቋርጬ የኖርኩ ሰው ያን ቀን አንድ ቃል አቋርጬ መናገር አቃተኝ። አይቶኝ ፈገግ አለ፤ ያፈርኩት በትሕትና መሰለው።

ሊወርድ ሲነሣ አንድ ነገር እንደ ረሳ ሁሉ ወደ እኔ ተመለሰ። ጠዋት ውጤቱን አይቶ እናቱ የምትሠራበት አራት ኪሎ ሄዶ ነግሯታል፤ ያዳነችኝ እንዲህ ያለች ልጅ ናት ብሎ ስለ እኔም አውርቷል። እናቱ መድኃኔዓለም ልትሄድ ነው፤ ስሜን በጸሎት ልታስጠራ ትፈልጋለች።

«የክርስትና ስሟን ጠይቅልኝ ብላኛለች» አለኝ።

ሰው ከኋላው እየገፋው፣ አንድ እግሩን መሬት አድርጎ ጠበቀኝ።

ነገርኩት።